የሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ጭስ ማውጫና ካታሊስት ማሻሻል፦ ከምርጫ እስከ መጨረሻው ዳዶ

መኪና ወዳድ ሰው ደብልዩአርኤክስ በገዛ ማግስት ዓይኑ የሚያርፈው ጭስ ማውጫው ላይ ነው። ገንዘብም በብዛት የሚባክነው እዚያው ነው፤ ድምፁን የሚለውጠው ክፍልና ጉልበት የሚጨምረው ክፍል የተለያዩ ናቸውና። ይህ መመሪያ ከ2015 እስከ 2021 የተመረተውን፣ ቪኤ የሚባለውን ሞዴል ይመለከታል። ጭሱን ስለሚያጣራው ካታሊስት አመራረጥ፣ ስለ ቧንቧ ስፋትና ስለ ፍሳሽ የተጻፈው ግን ለጎልፍ ጂቲአይም ሆነ ለሌላ ባለ ተርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ያለው) ቤንዚን መኪና ይሠራል።

አቋማችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ፤ ካታሊስት አውልቆ ባዶ ቧንቧ መግጠም አንመክርም። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ተርቦው የፋብሪካው እስከሆነ ድረስ ጥሩ ካታሊስት ከባዶ ቧንቧ ጋር ያለው የጉልበት ልዩነት መንገድ ላይ አይሰማም። ሽታውና ጭሱ ግን ይሰማል።

ጋዙ የት ይታነቃል?

ሞተሩ 2.0 ሊትር ኤፍኤ20 ነው። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል፤ ፋብሪካው በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ 268 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶታል። ከቀደሙት የሱባሩ ሞተሮች የሚለየው ተርቦው አናት ላይ ሳይሆን ከፊት በኩል ከሞተሩ ሥር መቀመጡ ነው። ከተርቦው የሚወጣው ጋዝ ዞሮ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቧንቧ ቅርጹ ጄ የምትባለውን ፊደል ስለሚመስል ጄ-ፓይፕ ይሉታል። ካታሊስቱም ሆነ የኦክስጅን ሴንሰሮቹ ያሉት በዚህ ቧንቧ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ መካከለኛው ቧንቧ፣ በመጨረሻም ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ማርሚታዎች ይመጣሉ። ከጄ-ፓይፕ በኋላ ያለው በሙሉ ካት-ባክ ይባላል።

ተርቦን የሚያሽከረክረው ከተርባይኑ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ነው። በስተኋላ ያለው ግፊት በቀነሰ ቁጥር ተርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ሞተሩም የተቃጠለውን ጋዝ ገፍቶ ለማውጣት የሚያጠፋው ጉልበት ያንሳል። «ጭስ ማውጫ ትንሽ ግፊት ያስፈልገዋል» የሚባለው ወሬ ተርቦ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ተርቦ የሌለው ሞተር ላይ ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጋዙ ፍጥነት ይወርድና በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይጠፋል፤ እዚያም ቢሆን የሚጠቅመው የጋዙ ፍጥነት ነው እንጂ ግፊቱ አይደለም።

እንግዲህ ትልቁ እንቅፋት ጄ-ፓይፕ ነው። ካት-ባክ ብቻውን ሲቀየር በዚህ መኪና ላይ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ቢጨምር ነው፤ በዋናነት ድምፁን፣ ክብደቱንና መልኩን ይቀይራል። ብዙ ቃል የሚገባ ሻጭ ካጋጠማችሁ የዳይኖ፣ ማለትም የጉልበት መለኪያ ማሽን ወረቀቱን ጠይቁ፤ በፊትም በኋላም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ቤንዚን ተለክቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ጄ-ፓይፕ ተቀይሮ ኢሲዩው፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ሲስተካከል ግን ለውጡ ከመሪው ጀርባ ላለ ሰው በግልጽ ይታወቃል።

የድሮዎቹን ሱባሩዎች ጉርምርምታ ፈልጎ ካት-ባክ የሚገዛም ብዙ ነው። ያ ድምፅ የሚመጣው ከማርሚታ ሳይሆን፣ ከሲሊንደሮቹ ወደ ተርቦ የሚሄዱት ቧንቧዎች ርዝመታቸው እኩል ካለመሆኑ ነው። በኤፍኤ20 ላይ ርዝመታቸው ስለተቀራረበ፣ የቱም ካት-ባክ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል እንጂ የድሮውን አይመልሰውም።

ከመግዛት በፊት ሞተሩን መርምሩ

ካታሊስት በዕድሜ ብዛት ብቻ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል። ካታሊስት በጥሩ ሁኔታ የሚሠራው ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው ሙቀት ነው። ከ900 ወዲያ ሲያልፍ ውድ ማዕድኖቹ እየተሰባሰቡ የሥራ ገጻቸው ይቀንሳል፤ ከዚያ ከባሰ ሴራሚኩ ራሱ ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስና ዚንክ ገጹ ላይ ይለብጠዋል። የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር ሲገባም እንዲሁ ነው። ሊድ ያለበት ቤንዚን ጨርሶ ይመርዘዋል።

ስለዚህ አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ፣ ዘይት በሺህ ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚጎድል ለኩ፣ ኢሲዩው ነዳጅ ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥር በስካነር ተመልከቱ። የረጅም ጊዜው ማስተካከያ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከዜሮ ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

የካታሊስቱን መድከም የሚጠቁመው ፒ0420 የሚለው ኮድ ስለወጣ ብቻ ካታሊስቱ ሞቷል ማለት አይደለም። የኋላውን፣ ማለትም ከካታሊስቱ ቀጥሎ ያለውን ሴንሰር ንባብ በስካነር ክፈቱና ሞተሩ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲሠራ ተመልከቱት። ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ ቮልቴጁ ብዙ ሳይዋዥቅ ከ0.6 እስከ 0.7 አካባቢ ይቆያል። ከ0.1 እስከ 0.9 እየወጣና እየወረደ የሚጫወት ከሆነ ካታሊስቱ ኦክስጅን መያዝ አቅቶታል። ግን ይህን ከመደምደማችሁ በፊት በአካባቢው የጋዝ ፍሳሽ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ፍሳሽ ያንኑ ኮድ ያወጣልና።

የካታሊስቱን መታፈን ለማወቅ የፊተኛው ሴንሰር ቀዳዳ ላይ የግፊት ጌጅ በአዳፕተር ይታሰራል። ክሩ ኤም 18 በ1.5 ነው። ሚኒሞ ላይ ከ1.5 ፒኤስአይ፣ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 ፒኤስአይ ካለፈ መንገዱ ተዘግቷል። ይህ ልኬት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለመቶዎች ዶላር ውሳኔ ግን መልስ ይሰጣል።

ሕጉ በአጭሩ

በአሜሪካ የአየር ጥበቃው ሕግ ካታሊስት ማውለቅንም፣ መቦርቦርንም፣ ሴንሰሩን የሚያታልል ማራዘሚያ ማስገባትንም ይከለክላል። እንደ ዋሽንግተን ስቴት የጭስ ምርመራ ከ2020 ጀምሮ የቀረበት ቦታ ብትኖሩም የፌዴራሉ ሕግ እንዳለ ነው። በሜሪላንድ፣ በዲሲና በኖርዘርን ቨርጂኒያ ደግሞ ምርመራው ኮምፒውተሩን ያነባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ፋብሪካው የገጠመው ካታሊስት እስከ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው፣ በፌዴራል ዋስትና የተሸፈነ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ያለ መኪና ፒ0420 ካወጣ መጀመሪያ ወደ ሻጩ ድርጅት ውሰዱት። ጋራዥ ደግሞ ደህና የሚሠራውን የፋብሪካ ካታሊስት እንዲሁ አንስቶ ሌላ መግጠም አይፈቀድለትም፤ መጥፋቱ፣ በምርመራ መውደቁ ወይም ዋስትናው አልፎ መቀየር እንዳለበት መረጋገጡ በወረቀት መያዝ አለበት። በካሊፎርኒያ፣ በኒውዮርክ፣ በሜይንና በኮሎራዶ ተተኪው ካታሊስት የካሊፎርኒያው አየር ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር አካሉ ላይ ታትሞበት መምጣት አለበት። ቁጥሩ ለእናንተ የሞዴል ዓመትና ሞተር መሆኑንም ከቦርዱ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ ለሌላ መኪና የተሰጠ ቁጥር አይጠቅማችሁም። ካት-ባክ ግን ከካታሊስቱ በስተኋላ ስለሆነ ያ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እሱን የሚመለከተው የድምፅ ገደቡ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቤት መኪና 95 ዴሲቤል።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች፦ ተተኪ ካታሊስት በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ 103፣ ተተኪ ማርሚታ በደንብ 59 የተፈቀደበት የኢ ምልክት ይኑረው። ጀርመን ውስጥ ምልክት የሌለውን ዕቃ የተሽከርካሪ መርማሪው ቲዩቭ አይቀበለውም።

ካታሊስቱን መምረጥ

ካታሊስት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ነው። በአንድ ካሬ ኢንች ስፋት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ብዛት ሴል ይባላል። ፋብሪካዎች በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 ሴል ይጠቀማሉ። የስፖርት የሚባሉት ከ200 እስከ 300፣ የውድድር ሜዳው 100 ነው። ቀዳዳዎቹ ሲያንሱ ጋዝ በቀላሉ ያልፋል፤ ጋዙ የሚነካው ገጽ ግን አብሮ ይቀንሳል። ለመንገድ መኪና 300 ሴል ጥሩ ነው፤ የማዕድን ለበሱ በቂ እስከሆነ ድረስ። 100 ሴል ያለው ካታሊስት የፒ0420 መብራት ማብራቱ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ዋጋው የሚለያየውም በዚህ ለበስ ነው። ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ያቃጥላሉ፤ ሮዲየም ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይበትናል። ሮዲየም በ2021 አንዱ ኦውንስ ከ20,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ በየመንገዱ የካታሊስት ሌባ የበዛውም ያኔ ነው። ስለዚህ 80 ዶላር የሚሸጥ «ስፖርት ካታሊስት» ውስጥ ያ ማዕድን በበቂ መጠን ሊኖር አይችልም። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ብረት መሆኑ ብቻ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ሴራሚክ ወይስ ብረት? የብረቱ ግድግዳ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ፎይል ነው፤ በተመሳሳይ ሴል ከሴራሚኩ የበለጠ ክፍት ቦታ ይሰጣል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ንዝረትም ይችላል። ሴራሚኩ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ዙሪያውን በሚይዘው ምንጣፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ምንጣፉ ሲበላ ይንኳኳና ይሰባበራል። ተርቦ አጠገብ ለሚቀመጥ ብረቱን እንመርጣለን።

ካታሊስቱ ከተርቦው ርቆ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ስለሆነ፣ ጠዋት የሚወጣው ጭስ በሙሉ እስከዚያ ድረስ ሳይጣራ ያልፋል። ስለዚህ ካታሊስቱን ወደ ኋላ ወደ መኪናው ሆድ የወሰደ ጄ-ፓይፕ አትግዙ። ወደ ካታሊስቱ የሚያስገባው ሾጣጣ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ይሁን፤ በድንገት ከሰፋ ጋዙ መሃሉን ብቻ ይመታና ዳሩ ሥራ ፈት ይሆናል፣ መሃሉም ቀድሞ ያልቃል።

ቧንቧውና ድምፁ

እስከ 300 የፈረስ ጉልበት ድረስ 63.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ተኩል ኢንች ይበቃል። ከዚያ በላይ ለማድረስ ያሰበ 76 ሚሊ ሜትር ይግጠም፤ የመተላለፊያው ስፋት በ44 በመቶ ይጨምራል። ከዚህ በላይ መሄድ ለፋብሪካው ተርቦ ትርፉ ጩኸት ነው።

ብረቱ 304 ስቴንለስ ቢሆን ጨው በሚረጭበት ክረምትም ለዓመታት ይቆያል። 409 ርካሽ ነው፣ ላዩ ይዝጋል፤ ግን ሳይበሳ ይከርማል። ሁለቱን ለመለየት ማግኔት ያዙ፤ 409 ይስባል፣ 304 ግን እምብዛም አይስብም። ተርቦ አፍ ላይ ለሚሆነው አጭር ቁራጭ 321 ቢገኝ ይመረጣል፤ በከፍተኛ ሙቀት የብየዳው ዳር አይሰነጠቅም። የግድግዳው ውፍረት ለጄ-ፓይፕ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ለኋላው 1.2 ይሁን።

ሀይዌይ ላይ ጆሮ የሚያደነቁረውን እምምታ በስሌት መያዝ ይቻላል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፤ ስለዚህ በደቂቃ ያለውን ዙር ለ30 ስታካፍሉ የድምፁን ድግግሞሽ ታገኛላችሁ። እምምታው በ2,700 ዙር ከሆነ 90 ኸርዝ ማለት ነው። መፍትሔው ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቧንቧ መበየድ ሲሆን፣ ርዝመቱ የድምፁ ፍጥነት ለድግግሞሹ አራት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ200 ዲግሪ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 436 ሜትር ይሄዳል፤ 436ን ለ360 ብታካፍሉ 1.21 ሜትር ይመጣል። በቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ጋዝ ምን ያህል እንደሚሞቅ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ በትንሽ ነጥብ ብየዳ ክደኑት፤ ነድታችሁ ካዳመጣችሁ በኋላ እየቆረጣችሁ አስተካክሉ። ይህ ቅርንጫፍ የዋናውን ጋዝ መንገድ ስለማይዘጋ ጉልበት አይወስድም። ማርሚታ ላይ ማርሚታ ከመደራረብ በእጅጉ ይሻላል።

ማውለቅ

መኪናው ሌሊቱን ይደር። ከዋዜማው ጀምሮ ሁሉም ዳዶና ቡሎን ላይ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ አርከፍክፉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። መኪናውን በክሪክ አንሱና አራቱንም በኩል ጃክ ስታንድ ላይ አሳርፉ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፣ ክሪክ ላይ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከ10፣ ከ12ና ከ14 ቁልፎች ሌላ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ የ22 የሴንሰር ሶኬት፣ ረጅም ማራዘሚያ፣ የሚታጠፍ አንገትና ቶርክ ሬንች ያስፈልጋችኋል። አዲስ ጓርኒሲዮኖች (የመገጣጠሚያ ማሸጊያዎች)፣ አዲስ ዳዶዎችና ሁለት ትርፍ የጎማ ማንጠልጠያዎች በእጃችሁ ይኑሩ።

ከሆዱ በታች ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ካነሳችሁ በኋላ ከኋላ ጀምሩ። ጎማ ማንጠልጠያዎቹን በሳሙና ውኃ አርጥባችሁ አውጡ፤ ቤንዚን ወይም ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል። መካከለኛው ቧንቧ ከጄ-ፓይፑ ጋር የሚገናኘው ስፕሪንግ ባላቸው ሁለት ቡሎኖችና በክብ ጓርኒሲዮን ነው። ስፕሪንጎቹን ጠብቋቸው፤ ሞተሩ ሲወዛወዝ መገጣጠሚያው እንዲላወስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፣ በተራ ቡሎን ከተተኩ ቧንቧው ይሰነጠቃል።

ሴንሰሮቹን ስትፈቱ መጀመሪያ ፍሹን ንቀሉ፤ ሽቦው ከሴንሰሩ ጋር በነፃነት ይዙር። እንቢ ካለ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነስታችሁ ሞቅ ሲል መሞከር ይረዳል፤ ለዚህ ግን ፍሹንም ባትሪውንም መልሱ፣ ከመፍታታችሁ በፊትም እንደገና ንቀሉ። የወደቀ ሴንሰር ውስጡ ሴራሚክ ስለሆነ ደህና ቢመስልም አትመኑት። ሁለቱ እንዳይቀያየሩ ወዲያው ምልክት አድርጉባቸው፤ የፊተኛው የአየርና የነዳጁን መጠን በትክክል የሚለካ ነው፣ የኋላው ተራ የኦክስጅን ሴንሰር ነው።

የተርቦው ዳዶዎች ላይ አትቸኩሉ። አንድ ሩብ ዙር ፈትታችሁ ከጠበቀ መልሳችሁ አጥብቁት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። በእሳት ማሞቅ ካስፈለገ ዳዶውን ብቻ ነው፤ የተርቦው የዘይት ቧንቧዎችና የጎማ ሆዝ አጠገብ ስለሆኑ እሳት አጥፊ በእጃችሁ ይሁን። ዳዶው ስክሩን ይዞ አብሮ ከወጣ ችግር የለም፣ በአዲስ ይተካል። የሚያስፈራው መሰበሩ ነው፤ እሱ ከተከሰተ ተርቦው ወርዶ በማሽን ይወጣል እንጂ እዚያው በእጅ ድሪል ቀዳዳውን አታበላሹት። ጄ-ፓይፑ ሊወርድ ሲል ከሥሩ አንድ ሰው ይያዘው፤ በሴንሰር ሽቦ ላይ እንዳይንጠለጠል።

መግጠምና ማጥበቅ

የተርቦውን ገጽ የቀረ ጓርኒሲዮን እስኪለቅ ድረስ አጽዱ፤ ፍርፋሪ እንዳይገባ አፉን በጨርቅ ድፈኑ፣ ጨርቁን ማውጣት ግን አትርሱ። ሲሊኮን በምንም ዓይነት አትቀቡ፤ ሙቀቱን አይችለውም፣ ትነቱም ሴንሰሩንና ካታሊስቱን ይመርዛል። ካታሊስቱ ላይ ቀስት ካለ ወደ ኋላ ይመልከት።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የፊቱን ሙሉ በሙሉ አጥብቆ ከዚያ የኋላውን መግጠም። ሁሉንም ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ማንጠልጠያው ላይ ይሰቀል፣ ከዚያ አሰላለፉን እዩ። ከሆዱ ላሜራ፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ ከሚወስደው ዘንግና ከነዳጅ ቱቦ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ሲግል ደግሞ ይረዝማል፤ 2.5 ሜትር 304 ቧንቧ በ400 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ስለዚህ ማንጠልጠያ ጎማዎቹ በቅዝቃዜ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይቀመጡ፤ ጫፉ ከመከላከያው ፕላስቲክ እንዳይነካም ቦታ ተዉለት። ብርድ ላይ ዝም ብሎ ሲሞቅ የሚያንኳኳ ጭስ ማውጫ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይኸው ነው።

አሁን ከፊት ወደ ኋላ አጥብቁ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር። ለኤም 10 ዳዶ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው፤ የመኪናው ማኑዋል ወይም የዕቃው ወረቀት ሌላ ቁጥር ከሰጠ ያንን ተከተሉ። ሴንሰሮቹ በ40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃሉ። ክራቸው ላይ ብቻ ስስ የኒኬል ቅባት ይነካ፤ አዲስ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ተቀብቶ ስለሚመጣ አትደርቡበት። የሙቀት መከላከያ ላሜራዎቹ በሙሉ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ተርቦው ከሥር ስለሆነ፣ ላሜራ የጎደለው ጄ-ፓይፕ በአጠገቡ ያለውን ሽቦና ጎማ ያደርቃል።

ካታሊስቱን በብየዳ የምታስገቡ ከሆነ ቲግ የሚባለው የአርጎን ብየዳ ይሁን፣ የቧንቧው ውስጥም በአርጎን ይሞላ። ውስጡ ያለ አርጎን የተበየደ ስቴንለስ በጀርባው እንደ ጥቁር ስኳር ይሻክራል፤ ያ ቅርፊት እየተነቀለ ካታሊስቱን ፊት ለፊት ይመታዋል። 304 ከ304 ጋር በ308 ኤል፣ 304 ከ409 ወይም ከተራ ብረት ጋር በ309 ኤል ዘንግ ይበየዳል። መኪናው ላይ በነጥብ ይያዝና ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይጠናቀቅ።

ማስነሳትና ፍሳሽ መፈለግ

ሞተሩን ከማስነሳት በፊት የቫኪዩም መንፊያ ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ሌሎቹን አፎች ድፈኑና መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ይፈሳል። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ያለች ትንሽ ፍሳሽ ትልቅ ጥፋት ታመጣለች። ጋዙ የሚመጣው በምት በምት ስለሆነ በምቶቹ መካከል ግፊቱ ወርዶ ከውጭ አየር ይሳባል፤ ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ ነዳጅ አነሰ ይላል፣ ኢሲዩው ነዳጅ ይጨምራል፣ ትርፉ ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ይቃጠላል። አዲስ ካታሊስት በጥቂት ወራት ከሞተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሙቀት በዝግታ ይሁን። አምስት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ በ2,500 ዙር፣ ከዚያ ይጥፋና ይቀዝቅዝ። ውስጡን የሚይዘው ምንጣፍ የሚያብጠውና የሚጨብጠው በዚህ ጊዜ ነው። ጥቂት ጭስና የቅባት ሽታ ይኖራል፣ ያልፋል። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በቅዝቃዜ እንደገና በቶርክ ሬንች አዳርሱት።

ጄ-ፓይፕ ከተቀየረ የኢሲዩ ማስተካከያ የግድ ነው። ከተርባይኑ በኋላ ግፊት ሲወርድ ዌስትጌቱ፣ ማለትም ትርፍ ጋዝ በተርባይኑ ጎን የሚያሳልፈው በር፣ በዚያው መጠን ተከፍቶ እያለ ተርቦው የበለጠ ይነፍሳል፤ ኢሲዩው ካሰበው ያልፋል፣ ቀጥሎም ነዳጅ ቆርጦ መኪናው ይንገጫገጫል ወይም ሞተሩ ይንኳኳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ የተቀዳ መረጃ ይጠይቃችኋል፦ የታሰበውና የተገኘው የተርቦ ግፊት፣ የአየርና ነዳጅ መጠን፣ የዌስትጌት ምጣኔ፣ የማንኳኳት እርማት። ይህን ቅጂ በሕዝብ መንገድ ሳይሆን በዳይኖ ወይም በዝግ ሜዳ ውሰዱት። ዳም የሚባለው ቁጥር 1.0 ላይ መቆየት አለበት፤ ከወረደ ኢሲዩው ማንኳኳት ሰምቶ ሞተሩን እየጠበቀ ነው፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ አትርገጡት። ነዳጅ ሲለቀቅ የሚያስተኩስ ፕሮግራም ደግሞ አታስጭኑ። ያ ተኩስ ቤንዚን በጭስ ማውጫ ውስጥ ሲቃጠል የሚሰማ ነው፤ ካታሊስቱን በቀጥታ ይጠብሰዋል።

ከፍታ ላይ ለሚነዱ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስለሳሳ ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት በጣም መፍጠን አለበት። ለባሕር ጠረፍ የተዘጋጀ ፕሮግራም እዚያ ተርቦውን ከልኩ በላይ ሊያሽከረክረው ይችላል፤ የሚያስተካክለው ሰው የምትነዱበትን ከፍታ ይወቅ።

ባትሪ ሲነቀል ኢሲዩው የራሱን ፍተሻዎች ስለሚረሳ በማግስቱ ለምርመራ አትሂዱ። ለሁለት ሦስት ቀን በከተማም በሀይዌይም ንዱት፣ ጠዋት ከቀዝቃዛ ተነስቶ በእኩል ፍጥነት የሚጓዝበት ጊዜም ይኑር፤ የካታሊስቱ ፍተሻ የሚጠናቀቀው ያኔ ነው። በስካነር ስታዩት ሁሉም «ዝግጁ» ማለት አለባቸው። በፌዴራሉ መመሪያ ከ2001 ወዲህ ለተመረተ መኪና አንድ ያልተጠናቀቀ ብቻ ይታለፋል፣ ስቴቱ ግን ያንንም ሊከለክል ይችላል፤ የጎደለው የካታሊስቱ ከሆነ ጥቂት ቀን ጨምራችሁ ነድታችሁ ሂዱ።